ድራኩላን ተዉት፣ ንግሥቲቱን እዩ፦ ስለ ብራን ግንብ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

መጀመሪያ መልሱን ልስጣችሁ። ሮማኒያ ያለው የብራን ግንብ ሊታይ ይገባዋል ወይ? አዎ፣ ይገባዋል። ግን የድራኩላ ቤት ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ ተናዳችሁ ትመለሳላችሁ። የአንዲት ንግሥት ቤት ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ጥላችሁት መሄዱ ያስጠላችኋል።

የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ለሥራ ሥልጠና ቡካሬስት ተልኬ በእረፍት ቀኔ ነው ወደዚያ ብቅ ያልኩት። ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ፒያሳ ብሄድ፣ እዚሁ ሰፈሬ ቡና ልጠጣ ብቀመጥ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ደም መጣጩ ሰውዬ ቤት ገባህ አሉ?» አክስቴማ ጭራሽ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ምን አስገባህ? በል ሄደህ ጸበል ተጠመቅ» ብላኛለች። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ድራኩላ የሚባል ደም መጣጭ የለም። ታሪኩን የፈጠረው አየርላንዳዊው ደራሲ ብራም ስቶከር ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1897 ነው። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ እንዳትምታቱ።) ስቶከር ሮማኒያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ስሙን የወሰደበት ቭላድ የሚባል የዋላኪያ (የዛሬዋ ሮማኒያ ደቡባዊ ክፍል) ገዥ ግን በእርግጥ ነበረ። በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ጠላቶቹን በሹል እንጨት እየሰካ በመግደል የታወቀ ጨካኝ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ብራን ውስጥ ኖሯል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ ብትሉ፣ ግንቡ ዐለት ጫፍ ላይ ጉብ ብሎ ሲታይ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ስለሚመስል ነው። ቱሪስቱ ነገሩን ይዞት መጣ፣ የአገሬውም ሰው እንጀራ ሆኖ ሲያገኘው ዝም አለ። ማን ይፈርድበታል?

ገበያው ግን ይሰለቻል። ከአውቶቡስ ወርዳችሁ በሩ ጋ እስክትደርሱ ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ሱቅ ነው። የፕላስቲክ ጥርስ፣ ጭምብል፣ ደም የሚንጠባጠብበት ካኒቴራ፣ ኩባያ፣ የሌሊት ወፍ። አንዱ ነጋዴ ጋ ኩባያ አንስቼ ዋጋውን ሰምቼ መለስኩ። ትንሽ ራቅ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ የበግ ሱፍ ሹራብና ካልሲ፣ በዛፍ ቅርፊት የተጠቀለለ አይብም ታገኛላችሁ። እነሱ የእውነት የዚያ አገር ናቸው፤ ገንዘባችሁን ለነሱ አውጡት። በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ግንቡ ውስጥ የሌሊት ድግስ አለ፣ ሰው ሁሉ ጥቁር ካባ ለብሶ የሚመጣበት። እንዲህ ዓይነት ነገር የምትወዱ ካላችሁ ጊዜው ያ ነው። የማትወዱ ከሆነ ደግሞ ያንን ሳምንት ሽሹት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ግንቡ ሲሠራ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ኬላ ነበር። ምሽግና ኬላ። በ1377 የሃንጋሪው ንጉሥ ቀዳማዊ ላዮሽ ለብራሾቭ ከተማ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ በራሳችሁ ወጪና በራሳችሁ ጉልበት እዚህ ዐለት ላይ የድንጋይ ምሽግ ሥሩ ብሎ። ሰዎቹ ሳክሶኖች የሚባሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ናቸው፣ ነጋዴዎችም የእጅ ባለሙያዎችም። በ1388 ሥራው አለቀ። ቦታው የተመረጠው ለውበቱ አይደለም። ከዋላኪያ ያን ጊዜ በሃንጋሪ ሥር ወደነበረችው ወደ ትራንሲልቫንያ የሚያልፈው የንግድ መንገድ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መሃል ተጨምቆ የሚያልፈው እዚያ ጋ ነው፤ በአንድ በኩል ቡቼጅ፣ በሌላው ፒያትራ ክራዩሉይ። ከዐለቱ ላይ ሆኖ ማን መጣ ማን ሄደ ሳያይ የሚቀር የለም። በሚያልፈው ዕቃ ላይ ከመቶ ሦስት ይቀረጥ ነበር። ከእኛ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ እያለ ብዙ መቶ ዓመት ቆየ። ወታደር ገባበት፣ ቀራጭ ገባበት፣ የደን ሠራተኛ ገባበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራንሲልቫንያ ከሮማኒያ ጋር ስትዋሐድ ድንበሩ ጠፋ። ድንበር ሲጠፋ ኬላ ምን ያደርጋል? ብራሾቭ ከተማ እጇ ላይ አሮጌ ምሽግ ቀረ። የከተማው ምክር ቤት መክሮ ዲሴምበር 1 ቀን 1920 ግንቡን ለንግሥት ማሪ በስጦታ ሰጠ።

እዚህ ላይ ነው የግንቡ ታሪክ የሚጣፍጠው፣ ስለዚህ ታገሡኝ።

ማሪ ሮማኒያዊት አልነበረችም። እንግሊዝ አገር በ1875 ነው የተወለደችው። በአባቷ በኩል የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ናት፣ በእናቷ በኩል ደግሞ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደር የልጅ ልጅ። በ17 ዓመቷ የሮማኒያን አልጋ ወራሽ ፌርዲናንድን አገባች። የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ቋንቋ፣ ዓይን አፋር ባል። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ያቺ የውጭ አገር ልጅ የሕዝቡ ሆነች። ነርስ ሆና ታይፈስ የገባበት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ታገላብጥ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1919 ፓሪስ ድረስ ሄዳ ለአገሯ ተከራከረች። ብራሾቮች ግንቡን የሰጧት ለዚህ ውለታዋ ነው፣ ዲሴምበር 1ን የመረጡትም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ውሕደቱ የታወጀበት ቀን ስለሆነ ነው።

እሷ ደግሞ ስጦታውን ተቀብላ ቁልፉን ኪሷ አልከተተችም። ቼካዊውን የቤተ መንግሥት አርክቴክት ካሬል ሊማንን ጠርታ በ1920ዎቹ ዓመታት ሙሉ ስታሳድሰው ቆየች። ውስጡን ስትገቡ ወዲያው የምታዩት የእሷን ዓይን ነው። ግድግዳው ነጭ፣ እንጨቱ ጥቁር። ወርቅ የለም፣ መስታወት የተለጠፈበት አዳራሽ የለም። የድሮው የተኩስ ቀዳዳ መስኮት ሆኗል። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ በየጥጉ በሸክላ ጡብ የተሠራ የማገዶ ምድጃ ቆሟል። ቤተ መንግሥት አይቼ «እዚህ ቤት ውስጥ ብኖር» ብዬ የተመኘሁት የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ቦታ ያየኋቸው ሰው ለማስደንገጥ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ይሄኛው ሰው ጋቢውን ደርቦ መጽሐፍ የሚያነብበት ቤት ነው። የሙዚቃው ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው፣ እዚያ ስትደርሱ አትቸኩሉ፤ የሚገፋችሁን ቱሪስት አሳልፋችሁ ጥጉን ይዛችሁ ቁሙ።

ግቢው መሃል ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ። ቀና ስትሉ በዙሪያው የእንጨት ሰገነት፣ ጠማማ ጣሪያ፣ ማማ። ፎቶ የሚነሳው ሁሉ እዚያ ነው። በማደሱ ሥራ ላይ እያሉ በ1927 ነው መሰለኝ ምድጃ ጀርባ ተደብቆ የኖረ ደረጃ የተገኘው፣ አንደኛውን ፎቅ ከሦስተኛው ጋር የሚያገናኝ። መሰለኝ ያልኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ግንቡ ውስጥ ዓመቱ ተጽፏል፣ 1927 ነው። አሁን ጎብኚ በዚያ ይወጣል። ከጠባብነቱ የተነሳ ትከሻ ሰፊ የሆነ ሰው አጎንብሶ በጎኑ ነው የሚሄደው። ፊት ለፊቴ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነበር፤ እሱ እስኪወጣ ድረስ ወረፋው ቆሞ ሁላችንም ግድግዳ እያየን ጸለይን።

እና ደግሞ መብራት! ይህን ለደሴ ሰው ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ1932 ግንቡ አጠገብ ባለው ወንዝ ላይ ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለ፣ ለግንቡ መብራት። ከዚያ መስመሩ ለብራን፣ ለሽሞንና ለሞዬች መንደሮችም ተዘረጋ። መንደርተኞቹ ንግሥቲቱን የክብር ዜጋ አደረጓት። እኔ በሙያዬ ማሽን ጠጋኝ ነኝና ከዘውዱም ከአልጋውም ይልቅ ልቤን የነካው ይሄ ነው። ንግሥት ናትና ብርሃኑን ለራሷ ብቻ ብታደርገው ማን ይጠይቃት ነበር? በኋላ ዕድሜዋ ሲገፋና ደረጃው ሲከብዳት ደግሞ በዐለቱ ሆድ ውስጥ ወደ መናፈሻው የሚያወርድ አሳንሰር ተሠራላት። ያ ጉድጓድ ዛሬ ዋሻ ሆኖ ለጎብኚ ተከፍቷል፣ በመብራትና በሥዕል ታሪኩን ያሳያሉ። ትኬቱ ለብቻ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክፈሉ፣ ይወዱታል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብታልፉትም ብዙ አይቀርባችሁም። የማሠቃያ መሣሪያ ኤግዚቢሽን የሚባልም ሌላ ለብቻው የሚከፈልበት ክፍል አለ። እሱን በጭራሽ አልመክርም፤ ከግንቡ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ለድራኩላ ፈላጊዎች የተቀመጠ ነው።

የማሪ መጨረሻ ያሳዝናል። ባሏ በ1927 ሞተ። ልጇ ዳግማዊ ካሮል በ1930 ሲነግሥ ከሥልጣን ጉዳይ ገፍቶ አራቃት። እሷም አብዛኛውን ጊዜዋን ብራን ወይም ጥቁር ባሕር ዳር ባልቺክ ባለው ቤቷ ታሳልፍ ነበር። በ1938 ስትሞት ልቤ ባልቺክ ባለው ጸሎት ቤቴ ይቀመጥ ብላ ተናዝዛ ነበርና እንደቃሏ ተደረገ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ አካባቢ ለቡልጋሪያ ተሰጠ፣ ልቧን ይዘው ወደ ብራን መጡ። ከግንቡ ማዶ ዐለት ፈልፍለው ትንሽ ጸሎት ቤት አደረጉላት። አስጎብኚዋ «ዐለት ውስጥ የተፈለፈለ» ስትል ከጎኔ የነበሩት ሰዎች «ዋው» አሉ። እኔ ላሊበላ ያለበት ወሎ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዝም አልኩ። በኮሚኒስቶቹ ጊዜ ያም ተደፈረ፣ ልቡ ቡካሬስት ሙዚየም ገባ፣ በመጨረሻ በ2015 ሲናያ ወደሚገኘው፣ ወደሞተችበት የፔሊሾር ቤተ መንግሥት ተወሰደ።

ግንቡን የወረሰችው ልጇ ኢሊያና ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብራን ውስጥ ለቁስለኞች ሆስፒታል አቋቁማ ራሷም ትሠራበት ነበር። በ1948 መጀመሪያ ላይ አዲሱ የኮሚኒስት መንግሥት ንጉሣውያኑን ከአገር ሲያስወጣ እሷም ወጣች። ግንቡ በ1956 ሙዚየም ሆነ። ኢሊያናን ግን አክስቴ ብታውቃት ኖሮ ጸበል አትልከኝም ነበር። ፈረንሳይ አገር መነኮሰች፣ እናት አሌክሳንድራ ተብላ አሜሪካ፣ ፔንስልቬኒያ ውስጥ የኦርቶዶክስ ገዳም መሠረተች፣ በ1991 ዐረፈች። ግንቡ በ2006 ለልጆቿ ተመለሰ፣ ዛሬም በግል ይዞታ ያለ ሙዚየም ነው። ደም መጣጭ አለበት የሚባለው ቤት ወራሽ መነኩሲት ናት እንግዲህ።

ንጉሥ ፌርዲናንድ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዓመቶቹን ሳነብ ሐሳቤ ደሴ ገባ። ማሪ ንግሥት የሆነችው በኦክቶበር 1914 ነው። የኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ዘውድ የጫኑት ግንቦት 1906 ዓ.ም. ነው፤ ያም በፈረንጅ ያው 1914 ነው። በኦገስት 1916 ሮማኒያ ጦርነት ገባች፣ በዲሴምበር ቡካሬስት ወደቀች፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ ወደ ያሽ ከተማ ሸሹ። በመሃሉ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ሁለት ቤተ መንግሥት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ጭንቅ። እነማሪ ተመልሰው ገቡ፤ የኛዎቹ አልተመለሱም። የንግሥቲቱን የጥፍር መቁረጫ ሳይቀር መስታወት ውስጥ አስቀምጠው ሲያሳዩኝ፣ እኛ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አልፈን ስንሄድ ለልጆቻችን ምን እንደምንላቸው አሰብኩ። እኔ ለልጄ ምንም ብዬው አላውቅም። (የጥፍር መቁረጫው ቀልድ ነው። ሌላ ሌላው ግን አለ፣ ልብስና የቤት ዕቃ።)

አሁን ጉዞውን ላስረዳችሁ። ቡካሬስት ካላችሁ ከጋራ ደ ኖርድ ጣቢያ ብራሾቭ የሚሄድ ባቡር ያዙ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገዱ ራሱ መዝናኛ ነው፣ ተራራ ውስጥ ይገባል፣ በሲናያ ያልፋል። ከብራሾቭ ብራን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመግባት ከሚኬደው ብዙም አይበልጥም፣ ያውም ያለ ሐረጎ ዳገት። አውቶቡሱ ከዋናው የባቡር ጣቢያ እንዳይመስላችሁ፣ ባርቶሎሜው ከሚባለው ሰፈር ካለው መናኸሪያ ነው የሚነሣው። ጣቢያው በር ላይ «ብራን! ብራን!» እያለ የሚጣራ ባለታክሲ ያገኛችኋል። እኔን የጠየቀኝን ዋጋ ብነግራችሁ ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ያደርሳል። ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ትኬት በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ግዙ። በተለይ በበጋቸው ወራት ወረፋው ዳገቱን ተከትሎ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነው የሚከፍቱት። በሌላው ቀን ልክ ሲከፈት ድረሱ። የዚህ ምክንያት ቀላል ነው፤ ክፍሎቹ ትንንሽ፣ ደረጃዎቹ ጠባብ፣ መሄጃው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። አንድ የቱሪስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከፊታችሁ ከገባ የምታዩት የንግሥቲቱን ክፍል ሳይሆን የሰው ማጅራት ነው። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ጠዋት ስገባ ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር፣ ከግማሽ በኋላ ግን መናኸሪያ ሆነ። ከኔ የአንድ ኮከብ ቅነሳ ካለ ለዚህ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዛችሁ ከሆነም አስቡበት። እስከ በሩ ዳገት ነው፣ ውስጡ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። እሷን ታች መናፈሻው ውስጥ፣ ኩሬው አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል። እዚያ የንግሥቲቱ የሻይ ቤት የነበረው ቤት ዛሬም ሻይና ምግብ ያቀርባል።

ምግብ ካነሳን፣ ማማሊጋ የሚባል የበቆሎ ዱቄት ገንፎ አላቸው፣ ቅቤና በርበሬ የጠፋበት የኛው ገንፎ በሉት። በአይብና በእርጎ ይበላል፣ ያጠግባል። የሾርባ ዓይነት በሽ ነው። የአሳማ ሥጋ ግን ብዙ ቦታ ይገባል፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሕዝቡ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ስለሆነ ጾም ያውቃል፤ የጾም ምግብ አለ ወይ ስትሉ ግር አይላቸውም። ይህን አለማወቄ መጀመሪያ አካባቢ ብስኩት ብቻ አስበልቶኝ ነበር። ፍም ላይ እየዞረ የሚጋገር፣ ስኳር የተነሰነሰበት ረዥም ክብ ዳቦም መንገዱ ላይ ይሸጣል፤ ትኩሱን ጠብቃችሁ ብሉ። ብርዱ? የደሴ ብርድ ያሳደገው ሰው በመከር ወራት ምንም አይሆንም። በክረምታቸው ግን በረዶ ነው፣ ደህና ጫማ ያስፈልጋል። ገንዘባቸው ሌው ነው፣ ዩሮ አይደለም። ቪዛን በተመለከተ ደግሞ ሮማኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) ውስጥ ገብታለች፣ ስለዚህ ለሌላ የአውሮፓ አገር ሼንገን ቪዛ ያገኘ ሰው በዚያው መሻገር ይችላል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ለደሴ ሰው ደግሞ ከግንቡ ይበልጣል እላለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የድሮ የታሪክ መምህሬን ደሴ አግኝቻቸው ነበር። ሮማኒያ ልሄድ ነው ስላቸው «አንተ ልጅ፣ የቲቱሌስኩን መቃብር ሳትሳለም እንዳትመጣ» አሉኝ። «ማን ነው እሱ ጋሼ?» ብላቸው ጉድ ነው ብለው በከዘራቸው መሬቱን መቱ። ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ጦራቸውን ይዘው ደሴ ነበሩ። ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ አገራቸው ተይዞ፣ ስደተኛ ሆነው፣ ጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ገና ሊናገሩ ሲሉ ሰገነት ላይ የተቀመጡት የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨትና ስድብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እነዚህን አረመኔዎች ወደ ውጭ አውጧቸው!» ብሎ የጮኸው የሮማኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላዬ ቲቱሌስኩ ነው። ያ ሁሉ ታላቅ አገር ዝም ባለበት ቦታ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የገዛ ንጉሡ፣ ያው እናቱን የገፋው ዳግማዊ ካሮል፣ ከሹመቱ አነሳው። በ1941 ፈረንሳይ አገር ካን ውስጥ በስደት ሞተ፤ አገሬ ውስጥ ቅበሩኝ ብሎ የተናዘዘው የተፈጸመው ገና በ1992 ነው።

መቃብሩ ብራሾቭ ውስጥ ነው፣ ሽኬይ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ በቅዱስ ኒቆላስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ከመሃል ከተማው አደባባይ በእግር ይኬዳል። ከብራን ስመለስ ወደዚያ ሄድኩ። አንዲት ነጠላ የመሰለ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ሻማ ስታበራ አገኘኋት፣ በምልክት ጠየቅኋት፣ ይዛኝ ሄዳ አሳየችኝ። ከየት ነህ አለችኝ መሰለኝ፣ «ኢትዮጵያ» አልኳት። ደሴ ብላት ስለማይገባት ተውኩት። ለጋሼ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው፣ የመለሱልኝ መልእክት «አበባ አስቀምጠሃል ወይስ እጅህን አጣምረህ ቆምክ?» የሚል ነው። አበባ ከግቢው በር ውጭ እንደሚሸጥ ለናንተ እነግራለሁ፣ ቀድማችሁ ግዙ። እዚያው ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የሮማኒያ ትምህርት ቤት ሙዚየም አለ፣ የድሮ የእጅ ጽሑፍና በሮማኒያኛ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ያሳያል፤ ብራና ለምታውቁ ሰዎች አንድ ሰዓት ስጡት።

«ከብራንና ሲናያ ካለው ከፔሌሽ ቤተ መንግሥት አንዱን ምረጥ ብንልህስ?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ፔሌሽ የሮማኒያ የመጀመሪያው ንጉሥ ቀዳማዊ ካሮል ያሠራው ነው፣ ሀብቱን ለማሳየት የተሠራ፣ የእንጨት ቅርጹና የጦር መሣሪያው ክፍል አፍ ያስከፍታል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያሳዩ የጉዞ መኪናዎች ከቡካሬስት ይነሳሉ፣ ግን ሩጫ ነው፣ አንዱንም በደንብ አታዩትም፣ ቲቱሌስኩ ጋ ለመድረስማ ጊዜም አይሰጧችሁም። እኔ ብሆን ብራሾቭ አድሬ፣ ጠዋት ብራን፣ ከሰዓት ሽኬይ፣ ፔሌሽን በማግሥቱ ስመለስ በመንገዴ። ለብራን ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ታች ላለው ለፕላስቲክ ጥርስ ገበያ ምንም።